ኤጀንቱ «የለም» ለሚልሽ፦ የቱል ዲስክሪፕሽን አጻጻፍ፣ ከሀዋሳ ልምዴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አዳማ ውስጥ ኢንተርኔት ለሌለው የትምህርት ቤት ላይብረሪ የዚም ፋይሎችን (እንደ ዊኪፒዲያ ያሉ ድረ ገጾች ያለ ኢንተርኔት እንዲነበቡ የሚታሸጉባቸውን) ከኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም ጥያቄ ተቀብሎ ራሱ ፈልጎ ከሚመልስ ፕሮግራም ጋር አገናኝተሻል፤ ኤጀንቱ ግን ፋይሉ ውስጥ ያለውን ነገር «የለም» እያለ አስቸግሮሻል። የቱሎቹን (ኤጀንቱ ፋይሉን ለመፈለግና ለመክፈት የሚጠራቸውን ትናንሽ ፕሮግራሞች) ዶክዩሜንቴሽን እንዴት ልጻፈው ነው ያልሽው። እኔ ይህንኑ ሥራ ሀዋሳ ላይ ሠርቼዋለሁ፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀን ሳይቀር ተማሪዎች ይጠቀሙበታል። ኪዊክስ ዚም ፋይሎችን የሚያዘጋጅና የሚያስነብብ፣ ኤምሲፒ ደግሞ ኤጀንትን ከቱሎች ጋር የሚያገናኝ መሆኑን ታውቂያለሽና ወደ ችግሩ ልግባ።

1. ኤጀንቱ በፒዲኤፍ የምታዘጋጂውን ማኑዋል አያነበውም። ቱሉን ከመጥራቱ በፊት የሚያየው የቱሉን ስም፣ ዲስክሪፕሽኑን (መግለጫውን) እና ቱሉ የሚቀበላቸውን ፓራሜትሮች (እንደሚፈለገው ቃል ያሉትን) ብቻ ነው። ዶክዩሜንቴሽን የምትይው እንግዲህ እነዚያ ጥቂት መስመሮች ናቸው። ከእኔ በፊት ሥራውን የያዘው ባለሙያ የፍለጋ ቱሉ ላይ የጻፈው «ማኅደሩን ይፈልጋል፣ ውጤት ይመልሳል» የሚል ብቻ ነበር። ኮዱን ከፍቶ ለሚያይ ሰው ይበቃ ይሆናል፤ ለኤጀንት ግን ምንም አልነገረውም።

2. ባዶ ውጤት ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት ጻፊለት። ያንቺም ችግር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከመምህራን ማስታወሻ አዘጋጅተን ያሸግነው አንድ የዚም ፋይል አለን። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ስለጸሀይ ግርዶሽ» ብሎ ጻፈ። ኤጀንቱ ቃሉን እንዳለ ወስዶ ፈለገ፣ ዜሮ ውጤት መጣ። ማስታወሻው ግን «የፀሐይ ግርዶሽ» በሚል ርእስ እዚያው ፋይል ውስጥ ነበር። ኤጀንቱ ማኅደሩ ውስጥ የለም ብሎ ከራሱ መለሰ፤ የመለሰውም ምድር በፀሐይና በጨረቃ መሀል ስትገባ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል የሚል ነው። ይህ የጨረቃ ግርዶሽ ነው! ልጁ ደብተሩ ላይ ገልብጦት ሄደ። የፊዚክስ መምህሩ ደብተሩን ይዘው መጥተው ሲያሳዩኝ የተሰማኝን ንዴት አልረሳውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዚም ፋይል ውስጥ ያለው የፍለጋ ኢንዴክስ (የቃላት ማውጫ) ዛፒያን በሚባል የፍለጋ ሶፍትዌር የተሠራ ነው። ዛፒያን የእንግሊዝኛ ቃላትን ወደ ግንዳቸው የሚመልስበት ስቴመር አለው፤ ለአማርኛ የለውም። ስለዚህ «ቡና»፣ «የቡና»፣ «በቡናው» ለእሱ ሦስት የማይዛመዱ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። የእኛን ከተማ ስም እንኳ ሰዉ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ እያለ ነው የሚጽፈው። የራስሽን ፋይል ስታሽጊ ፊደሉን አንድ ማድረግ ትችያለሽ፤ ከኪዊክስ የሚወርደው ግን ኢንዴክሱ አብሮት ታሽጎ ስለሚመጣ መፍትሔው ከፍለጋው በኩል ነው።

እኔ ዲስክሪፕሽኑ ላይ ያስገባሁት ሐሳብ ይህ ነው፦ «ውጤቱ ባዶ ከሆነ መረጃው የለም ማለት አይደለም። የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ ስለ የሚሉትን ከቃሉ ፊት አውጥተህ ድጋሚ ፈልግ። ከዚያ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ቀይረህ ሞክር። አሁንም ካልተገኘ በዚህ ማኅደር አላገኘሁትም በል፤ ከራስህ አትመልስ።» ይህንኑ በአጭሩ ባዶ ውጤት ሲመለስ በሚወጣው መልእክት ላይም ድገሚው፤ ኤጀንቱ የሚሳሳተው በዚያች ቅጽበት ነውና። መመሪያውን በእንግሊዝኛ ጽፌ ምሳሌዎቹን በአማርኛ ነው የተውኩት፤ እኛ ኮምፒውተር ላይ ኤጀንቱን የምታንቀሳቅሰው ትንሽ የኤአይ ሞዴል እንዲያ ሲሆን ይበልጥ ትታዘዛለች።

3. ስለ ፓዝ፣ ማለትም ገጹ ፋይሉ ውስጥ ስላለበት አድራሻ፣ በግልጽ ጻፊ። በድሮዎቹ ዚም ፋይሎች የገጹ ፓዝ በእንግሊዝኛው «ኤ» ፊደልና በስላሽ ይጀምራል፤ በአዲሶቹ ያ ቀርቷል። ሁለቱንም ዓይነት ይዘሽ አንዱን ብቻ በምሳሌነት ከጻፍሽ ኤጀንቱ ግማሹን ማኅደር አይከፍትልሽም። «ፓዙን ራስህ አትገምት፣ ፍለጋው የመለሰልህን እንዳለ ተጠቀም» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይገላግልሻል።

4. ቱሉ የሚመልሰው ጽሑፍ የርዝመት ገደቡ በፊደል ነው ወይስ በባይት? ጻፊው። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ዘዴ የግዕዝ ፊደል አንዱ 3 ባይት ነው፤ በባይት ስትቆርጪ ፊደሉ መሀል ላይ ተሰብሮ ይወጣል። ረጅም ገጽ ሙሉውን ከመለስሽም ሞዴሏ በአንዴ የምትይዘው ቦታ ይሞላና ጥያቄውን ራሱን ትረሳዋለች። ቱሉ በክፍል በክፍል ይመልስ፤ ቀጣዩን ክፍል እንዴት እንደሚጠይቅም እዚያው ንገሪው። ከኪዊክስ የሚወርደው ፋይል የተዘጋጀበት ዓመትና ወር ስሙ ላይ ስላለ እሱም ከውጤቱ ጋር ይመለስ፤ አለበለዚያ የቆየውን የዛሬ አድርጎ ያወራል።

5. ውሉ ላይ... እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ። እዚህ ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር ሥራውን የሚረከበው። ላፕቶፔን ከፍቼ ዲስክሪፕሽኖቹን አሳየሁ። የርክክብ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስክሪኑን እንኳ ሳያዩ «ይሄ ሰነድ አይደለም፤ ሰነድ ተጠርዞ፣ ማኅተም አርፎበት ነው የሚመጣው» አሉኝ። የፊዚክስ መምህሩ ሊያስረዱ ሲሞክሩ «እርስዎን ማን ጠየቀዎት?» ተባሉ። ያን የመሰለ ሰው፣ ከደሞዙ ውጪ ሳንቲም ሳያገኝ ቅዳሜውን ሁሉ አብሮኝ የሠራ መምህር! ነገ ተመለስ፣ ከነገ ወዲያ ተመለስ ሲሉኝ ፒያሳ ወርጄ በስክሪንሾት የተሞላ ወፍራም ማኑዋል አሳትሜ አስጠረዝኩ። ሳይገልጡት ፈረሙ። ያኔ ግን ሰኔ 30 አልፎ በጀቱ ተዘግቶ ነበር፤ ክፍያዬ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተሻገረ።

አዳማም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይጠብቅሽምና ከመጀመሪያው ውሉ ላይ «የቱል ዲስክሪፕሽኖችና የፍተሻ ጥያቄዎች ዝርዝር የርክክቡ ሰነድ ናቸው» የሚል አንቀጽ አስገቢ። ያለዚያ አትፈርሚ።

የፍተሻ ጥያቄዎቹን ከመምህራን ጋር ሆነሽ አዘጋጂ፤ ልጆቹ እንደሚጽፉት፣ ከነፊደል ስሕተታቸው። መልሳቸው ማኅደሩ ውስጥ የሌለ ጥያቄዎችም ጨምሪበት፣ ኤጀንቱ አላገኘሁም ማለቱን የምታይው በእነሱ ነው። ዲስክሪፕሽኑ ላይ አንድ ቃል በቀየርሽ ቁጥር ሁሉንም እንደገና አስኪጂ፤ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የእኛን ዝርዝር በኢንቦክስ እልክልሻለሁ፣ የግርዶሹም ጥያቄ አለበት።