ስልክህን የሳይክል ኮምፒውተር ማድረግ ትችላለህ፣ ግን መጀመሪያ የኔን ጉድ ስማ

ወንድሜ፣ «ጋርሚን የሚባለውን ፍጥነትና ርቀት የሚያሳይ የሳይክል ኮምፒውተር መግዣ ብር የለኝም፣ ሳይክሉ ላይ የሚታሰር መለኪያ (ሴንሰር) ገዝቼ በስልኬ ብጠቀም ያዋጣኛል ወይ? የቱን ልግዛ?» ብለሃል። ያዋጣሃል። እኔ ሦስት ዓመቴ ነው። ከኔ በፊት «ተወው፣ ስልክ ለዚህ አይሆንም» ብለው የመለሱልህ ሰዎች አንዴ ሞክረው እምቢ ሲላቸው የተዉ ናቸው። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ለመተው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

1. ካርቶኑ ላይ «ብሉቱዝ» የሚል ከሌለ ብርህን ከኪስህ አታውጣ። ሴንሰር መረጃውን የሚልክበት መንገድ ሁለት ነው፣ ብሉቱዝና አንት ፕላስ የሚሉት። አንት ፕላሱን ጋርሚንና መሰሎቹ ይቀበሉታል። አይፎን ግን ከናካቴው አይቀበልም። ድሮ አንዳንድ ሳምሰንግ ጋላክሲና ሶኒ ኤክስፒሪያ ላይ ነበር፣ አንተ የያዝከው ግን እንደኔው ቴክኖ ቢጤ ይመስለኛልና አትድከም። አሁን የሚወጡት ሴንሰሮች አብዛኞቹ ሁለቱንም ይልካሉ። ጣጣው በቅናሽ የሚሸጡት የቆዩት ላይ ነው።

በቅናሽ የገዛው ማን ሆነና! አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ጨቅጭቄ የፍጥነቱንና የካዴንሱን (ፔዳሉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚቆጥረውን) ሁለቱንም በ70 ዶላር አስገዛኋት። ሊንኩን የላክሁላት እኔው ነኝ፣ ስለዚህ እሷን መውቀስ አልችልም። ሻንጣ ያለው ሰው እስኪገኝ አላስችል አለኝና በፖስታ ላኪው አልኳት። ሁለት ወር ከአስር ቀን ቆይቶ ደረሰ።

ልቀበል ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ሳታየኝ «ምንድን ነው?» አለች። የሳይክል ሴንሰር ነው አልኩ። «ምን ያደርጋል?» ፍጥነት ይለካል። ቀና ብላ አየችኝና «ትራፊክ ነህ?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ ለካ የምሯን ነው። ወደ ሌላ ክፍል ላከችኝ። እዚያ ያለው ሰውዬ ምሳ ወጥቷል። ከምሳ ሲመለስ «ይሄ መረጃ አስተላላፊ ነው፣ ደብዳቤ ያስፈልገዋል» ብሎ ሦስት ቀን አመላለሰኝ። ደብዳቤው ከማን? እሱም አያውቅም። ሁለቱ ሴንሰር አንድ ላይ ቢመዘን አንድ እንቁላል አይሞላም፣ ለዚያ ሦስት ቀን ከስራ ቀረሁ። በአራተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ሰራተኛ «አንተ ልጅ፣ ዛሬም መጣህ?» ብለው ፈርመው ሰጡኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ቤት ገብቼ አንዱን የኋላው ጎማ ሞዞ (የጎማው መሃል) ላይ፣ ሌላውን የግራው ፔዳል ክንድ ላይ አሰርኩ። ሳይክሉን ገልብጬ ጎማ ሳሽከረክር አመሸሁ። ስልኩ ምንም አያገኝም። የሴንሰሩን ድንጋይ ቀየርኩ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። እናቴ ሦስት ጊዜ ብቅ ብላ አይታኝ ምንም ሳትል ተመለሰች። በነጋታው ጓደኛዬ ጋርሚኑን ይዞ መጣ፣ ገና ከመክፈቱ ሁለቱንም አገኛቸው። ካርቶኑን ከቆሻሻው ውስጥ አውጥቼ ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንት ፕላስ ብቻ!

2. የብሉቱዙን ስትገዛ (እኔም በመጨረሻ ገዛሁ) ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ እንደ ጆሮ ማዳመጫ አታገናኘው። አፑን ክፈትና እዚያው ውስጥ ፈልገው። ብዙዎቹ ደግሞ በብሉቱዝ በአንድ ጊዜ ከአንድ ስልክ ጋር ብቻ ነው የሚገናኙት። ለሙከራ የታናሽ ወንድሜ ስልክ ላይ አገናኝቼው አፑን ሳልዘጋ ረስቼ፣ እሱ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ እኔ በጠዋቱ በረንዳ ላይ ስፈልግ፣ አብረውኝ የሚነዱት ልጆች አዲሱ ገበያ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆመው ጠበቁኝ። የሰደቡኝን አልጽፈውም።

3. አፕ። ስትራቫ (የነዳኸውን መዝግቦ ለሌሎች የሚያሳየው አፕ) እ.ኤ.አ. በ2019 ሴንሰር መቀበል አቁሞ ኋላ ላይ የልብ ምቱን ሴንሰር ብቻ መልሶታል። እኔ «ካዴንስ» በሚባለው አፕ እቀዳና ወደ ስትራቫ እልከዋለሁ። ግን ከሁሉም በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ለአፑ የባትሪ ቁጠባውን አንሳለት፣ ሎኬሽንም «ሁልጊዜ» በለው። ይሄን ባለማድረጌ የሕይወቴን ምርጥ የእንጦጦ ዳገት አጥቻለሁ። ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ አንዴም እግሬን መሬት ሳላስነካ ማርያም ደረስኩ። ስልኩን ሳወጣ አፑ ገና ሽሮ ሜዳ ላይ ተዘግቷል። መልሼ ስከፍተው ካርታው ላይ በቀጥታ የተሰመረ መስመር አወጣልኝ፣ እንደ አሞራ የበረርኩ ነው የሚመስለው። እስካሁን ማንም አላመነኝም።

ቁጥሩን ተውኩት፣ የቀረውን እንዲሁ ልንገርህ። የጎማህን ዙሪያ ልክ አፑ ላይ አስገባ፣ ሴንሰሩ የቆጠረውን ዙር ወደ ርቀት የሚቀይረው በሱ ነው። አፑ የመጣበትን ቁጥር አትመን። የኔው 2096 ሚሊ ሜትር ላይ ነበር፣ የቀጭን ጎማ ልክ ነው። የኔ ሳይክል ግን 26 ኢንች ማውንቴን ነው፣ ወደ 2050 ገደማ። ትንሽ ልዩነት ይመስላል አይደል? 100 ኪሎ ሜትር ነዳሁ ብዬ ግሩፑ ላይ ለጥፌ እንኳን ደስ አለህ ስባል፣ አብሮኝ የነዳው ባለ ጋርሚን 98 ነው ብሎ ከስሬ ጻፈ። ሰው አብሮት እየነዳ እንዲህ ያደርጋል? መለኪያው ቀላል ነው። የጎማውን መንፊያ ወደ መሬት አድርገህ ምልክት አድርግ፣ ሳይክሉ ላይ ተቀምጠህ አንድ ሙሉ ዙር ሂድ፣ እንደገና ምልክት አድርግ፣ በሜትር ለካ።

ስልኩን መሪው ላይ አትሰር የሚሉህን ስማቸው። ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ልብህ ነው የሚርደው። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሌባው ነው፣ ቀይ መብራት ላይ መሪህ ላይ የበራ ስልክ ማየት ለሱ ግብዣ ነው። እኔ ከጀርባ ኪሴ አድርጌ፣ ስክሪኑን አጥፍቼ፣ በየኪሎ ሜትሩ በድምጽ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። ባትሪውም ሱሉልታ ደርሼ ስመለስ ከግማሽ በላይ ይተርፈኛል። ያ 98 ያለኝ ልጅ ባለፈው ጋርሚኑ ዘግቶበት «አንተ ስንት ሆነ?» እያለ ሲጠይቀኝ ነው የዋለው።

የስልክህን ሞዴል እዚህ ጻፍልኝና የትኛው ሴንሰር እንደሚሆንህ አይልሃለሁ። ሁለቱ አንት ፕላሶች አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ጋርሚን ያለው ሰው ሱሉልታ ላይ ቡና ጋብዞኝ ይውሰዳቸው፣ ድንጋያቸው አልቋልና ሲአር2032 ራሱ ይግዛ።