110 በመቶ የተከተበ ቀበሌ፦ ሥራ ለምትፈልግ የጤና መኮንን የተሰጠ መልስ

ውድ እህታችን፣

በጤና መኮንንነት ከተመረቅሽ ዓመት አልፎሻል፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አልፈሻል። በአንድ ወረዳ ለወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ቃለ መጠይቅ ስትገቢ «የፔንታ 3 ሽፋኑ (ሕፃናት ሦስት ጊዜ ከሚወስዱት የፔንታ ክትባት ሦስተኛው) 110 በመቶ የሆነ ቀበሌ ምን ይነግርሻል?» ብለው ጠየቁሽ። «ጥሩ አፈጻጸም ነው» ብለሽ መለስሽ፤ ከዚያ በኋላ አልተጠራሽም። «ሳልቀጠር ልምድ ከየት ላምጣ?» ስትዪ ጽፈሻል። ልምዱን ሳትቀጠሪም ማግኘት ትችያለሽ። መንገዱ የሚጀምረው ግን ከዚያው ከወደቅሽበት ጥያቄ ነው።

ሽፋን ክፍልፋይ ነው። ከላይ የተከተቡት ሕፃናት አሉ፣ ከታች ደግሞ መከተብ የነበረባቸው። ያ የታችኛው ቁጥር፣ ባለሙያው ዲኖሚኔተር የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ቤት ለቤት ተቆጥሮ የመጣ አይደለም፤ ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ተነሥቶ በየዓመቱ በግምት እየተሰላ የሚወርድ ነው። 5,000 ሕዝብ አለው በሚባል ቀበሌ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት 3 በመቶ ናቸው ከተባለ፣ ዕቅዱ 150 ሕፃን ይሆናል። 165 ሲከተብ 110 በመቶ ወጣ ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ ከግምቱ በልጦ ይሆናል፤ ጤና ኬላው የሚቀርባቸው የጎረቤት ቀበሌ እናቶች እዚያ እያስከተቡ ይሆናል፤ ዓመት ያለፈው ልጅ ከዓመት በታቹ ጋር ተደምሮ፣ ወይም አንዱ ሕፃን ታሊው ላይ፣ ማለትም የተከተቡት በሚሠመሩበት መቁጠሪያ ቅጽ ላይ፣ ሁለቴ ተሠምሮ ይሆናል። የሚያሳስበው ግን፣ በዚያው 110 በመቶ ባለው ቀበሌ አንድም መርፌ ያላገኙ ልጆች ሊኖሩ መቻላቸው ነው። ቁጥሩ ደብቋቸው ይቆይና ኩፍኝ ሲነሣ ይታያሉ።

ጠያቂዎቹ ሊሰሙ የፈለጉት «ዲኖሚኔተሩን እጠራጠራለሁ፤ ፔንታ 1 እና ፔንታ 3ን አነጻጽራለሁ» የሚል መልስ ነበር። ፔንታ 1 የወሰዱት 120፣ ፔንታ 3 የወሰዱት 96 ከሆኑ ያቋረጡት 24 ናቸው፤ 24 ለ120 ሲካፈል 20 በመቶ። ይህ ስሌት የሕዝብ ቁጥር አይፈልግም፣ ለዚህም ነው የሚታመነው። ከ10 በመቶ ካለፈ እናቶቹ አንዴ መጥተው የማይመለሱበት ምክንያት አለ ማለት ነው። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ሥራሽ ነው።

አሁን ወደ ልምዱ። የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም (ቲቲፒ)፣ የጤና ተማሪዎች በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ ወጥተው የሚለማመዱበት፣ ጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተመሠረተ ጀምሮ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) አብረው ከሚወጡበት ልማድ የመጣ ጠንካራ ትምህርት ነው። ድክመቱ ተማሪው ዳሰሳውን ሠርቶ፣ አንድ ሁለት የመጸዳጃ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ሪፖርት አስገብቶ መሄዱ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ምን እንደተለወጠ የሚለካ የለም። አንቺ ያንን ቀሪ ክፍል ሥሪ። ይህን ያደረገ ተመራቂ ጥቂት ስለሆነ ማመልከቻሽን ከሌላው ይለየዋል።

ቀበሌውን ሁሉ አትንኪ። በትምህርት ቤት የተማርሽው 384 ናሙና፣ 10 በመቶ መልስ ላይሰጥ ይችላል ተብሎ 423 የሚሆነው፣ ለብዙ ሺህ ቤት ነው። 1,000 ቤት ባለው ቀበሌ ተስተካክሎ 278፣ ከ10 በመቶው ጋር 306 ይሆናል። ያም ለአንድ ሰው ይከብዳል። ይልቅ 120 ያህል ቤት ያለውን አንድ ጎጥ ምረጪና ሁሉንም ቁጠሪ። ሁሉም ከተቆጠረ የናሙና ቀመር አያስፈልግም፤ በቀን 10 ቤት ብትሄጂ በ12 ቀን ያልቃል።

ከመጀመርሽ በፊት ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ያዢ፤ ለቀበሌው ሊቀመንበርና ለጤና ጣቢያው ኃላፊም አሳውቂ። ከሁሉም ቀድመሽ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አግኚ። ሳታውቅ ከገባሽ ልትቆጣጠሪያት የመጣሽ ይመስላታል፤ ከተማከራችሁ ግን የየቤቱ የጤና መረጃ የሚያዝበትን የቤተሰብ ማኅደር ታሳይሻለች፣ የትኛው ቤት እንደተዘለለም ትነግርሻለች። ግኝቱን ለጥናት ልታሳትሚ ካሰብሽ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ግድ ነው፤ ለወረዳው የውስጥ ሥራ ከሆነም የእያንዳንዱን ቤት ፈቃድ ጠይቂ።

ጥያቄዎቹን አሳጥሪ፤ በአንድ ቤት ከ20 ደቂቃ በላይ አትቀመጪ። በገበያ ቀንና በበዓል አትሂጂ። የተዘጋ ቤት ካገኘሽ በተለያየ ሰዓት እስከ ሦስት ጊዜ ተመለሺ፤ «ሰው የለም» ብለሽ ካለፍሽው የሚያመልጥሽ ራቅ ብላ በቀን ሥራ የምትውለው እናት ልጅ ነው፣ ክትባቱ የሚጓደለውም ብዙ ጊዜ እሱ።

«መጸዳጃ ቤት አላችሁ?» ብለሽ «አዎ» አትጻፊ፤ ተነሥተሽ እዪው። መንገዱ ሣር በቅሎበት፣ በሩ ላይ የሸረሪት ድር ካደረ ማንም አይጠቀምበትም። መንገዱ የተረገጠ፣ ጉድጓዱ ክዳን ያለው፣ አጠገቡም ውኃ ያለበት ጀሪካንና ሳሙና ወይም አመድ ካለ ያ መጸዳጃ ቤት ነው። ክትባትን ከእናቲቱ ቃል ብቻ አትመዝግቢ፤ ካርዱን አስወጪ። ካርድ ከሌለ «በቃል» በሚል ለብቻው ጻፊው፤ ሁለቱን ከቀላቀልሽ በኋላ መለየት አይቻልም። የልደት ቀን ያልታወቀ ልጅ ካጋጠመሽ «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ፍልሰታ ሲገባ ስንት ወሩ ነበር?» እያልሽ ወደ ወሩ ቅረቢ። የምግብ እጥረትን ለመለየት ክንድ ስትለኪ ግራ ክንዱን በትከሻና በክርን መካከል ያዢ። ከ6 እስከ 59 ወር ባለ ልጅ ላይ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካነበብሽ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ ቆጠራሽን አቁመሽ ያንኑ ዕለት ወደ ጤና ኬላ ላኪው። ይህን ለይተሽ ሳታሳውቂ ቁጥር ብቻ ይዘሽ መመለስ አይፈቀድም።

ቆጠራው ሲያልቅ አሥር ችግር ሊወጣ ይችላል፤ አንዱን ብቻ ምረጪ። ስፋቱን፣ ክፋቱን፣ በእጅ ባለው አቅም መፈታቱን፣ የማኅበረሰቡን ሐሳብና የመንግሥትን ትኩረት ከ1 እስከ 5 እየሰጣችሁ ደምሩ። «ሰጣችሁ» ያልኩት አውቄ ነው፤ ብቻሽን ጠረጴዛ ላይ ከሞላሽው ነጥቡ የአንቺ ምርጫ ይሆናል። የእድር ዳኛውን፣ መምህሩን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን፣ ሁለት ሦስት እናቶችን አስቀምጪ። አንቺ «እጅ መታጠብ» ስትዪ እነሱ «ውኃ» ካሉ ልክ ናቸው፤ ምንጭ ለማድረስ አንድ ሰዓት የሚሄዱ ሰዎች ሳሙና ብትሰጫቸውም አይታጠቡም።

ችግሩ የክትባት ማቋረጥ ሆነ እንበል። ያቋረጡትን ልጆች ከነቤታቸው ዘርዝረሽ ለጤና ኬላው አስረክቢ፤ ምክንያቱንም ከእናቶቹ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ «ቀኑን አላወቅኩም»፣ «ሄጄ ክትባት የለም ተባልኩ»፣ «ከመርፌው በኋላ ሲያተኩሰው ፈራሁ» ይሆናል። የመጀመሪያው የክትባት ቀንን ከገበያ ቀን ጋር በማገናኘት ይቀላል፤ ሁለተኛው የጤና ጣቢያው የአቅርቦት ጉዳይ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ አስቀድሞ ትኩሳቱ የሚጠበቅ መሆኑን በመናገር ይታለፋል። ሦስቱ የፔንታ ዶዞች በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ስለሆኑ፣ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ጎጥ በዚያው መጠይቅ ብትቆጥሪ ለውጡ ይታያል። ካልተለወጠ ያንንም ጻፊው፤ ያልሠራ ሙከራን በሐቅ የጻፈ ሰው ይታመናል።

ሪፖርቱ ከአራት ገጽ አይለፍ፦ ስንት ቤት፣ ስንት ያልተገኘ፣ ምን ተገኘ፣ ምን ተደረገ፣ ምን ተለወጠ። ሲቪሽ ላይ «በዳሰሳ ተሳትፌያለሁ» ከማለት «በአንድ ጎጥ 120 ቤት ቆጥሬ፣ ያቋረጡ ልጆችን ለይቼ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሜ ለካሁ» ብለሽ ቁጥሩን አስከትዪ። መረጃውን በስልክ ላይ፣ በኦዲኬ ወይም በኮቦ በሚባሉት የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያዎች ከሰበሰብሽው ያንንም ጥቀሺ፤ ለመረጃ ሰብሳቢና ለሱፐርቫይዘር የሚወጡ የአጭር ጊዜ ሥራዎች ይህን ይፈልጋሉ፣ ብዙ ሰውም በዚያ በኩል ገብቷል። ወረዳ ላይ የጤና መረጃና የኅብረተሰብ ጤና አደጋ ቅኝት ቦታዎችን ተከታተዪ። ጥቂት ዓመት ከሠራሽ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት) ሁለተኛ ዲግሪ አለ፤ ሥልጠናው አብዛኛው መስክ ላይ ስለሆነ ይህ ዓይነት ሥራ ለእሱም መንደርደሪያ ነው።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ጀምሪ፤ ወንዝ ሲሞላ የተወሰኑ ቤቶች ይቀራሉ፣ ከተዘለሉት ቤቶች ጋር ዲኖሚኔተሩ ተመልሶ ይጎድላል። ደብዳቤውን ለመጠየቅ ወደ ወረዳው ስትሄጂ መጠይቅሽን በአንድ ገጽ ይዘሽ ሂጂ፤ ባዶ እጅሽን ከሄድሽ «ሌላ ጊዜ ነይ» ትባያለሽ።