ብላንክ ለላስቲክ ትል፦ ጣና ዳር የተነሡ ጥያቄዎች

እሁድ ጠዋት ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ሆነን በላስቲክ ትል፣ ማለትም መንጠቆ ላይ በሚሰካው ሰው ሠራሽ ማታለያ፣ ዓሣ የምናጠምድበትን ዘንግ ስንሞክር ጥያቄው ከየአቅጣጫው ዘነበብኝ። ግማሹን ቆሜ መለስኩ፣ ግማሹን ቤት ገብቼ ጻፍኩት። ዘንግ የምሠራው በትርፍ ጊዜዬ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ከእጄ ያለፈውን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ብላንክ የሚባለው ምኑ ነው?

መልስ፦ የክር ማሳለፊያ ቀለበት፣ እጀታና የሪል (የክር መጠቅለያው) መቀመጫ ያልተገጠመለት ባዶው ዘንግ ነው። የካርቦን ወይም የፋይበር ግላስ ጨርቅ ብረት ላይ ይጠቀለልና በሙቀት ይደርቃል። ብረቱ ሲወጣ የሚቀረው ቱቦ ብላንክ ነው። ሌላው የእኛ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ጣና ውስጥ ባስ የለም አይደል? የባስ ዘንግ ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ የለም። ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ግን ለላስቲክ ትል የሚሆን ብላንክ ስትፈልግ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ለባስ ተብሎ የተሠራውን ነው። እሱን ለእኛ ነጭ ዓሣ ማዋል ይቻላል፤ ልዩነቱን ካወቅክ።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ እንዳይመስልህ። ተመራማሪዎች ጣና ውስጥ ትልልቆቹን ብቻ ወደ 15 ዓይነት ለይተዋል። ከነሱ 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። የጭስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ እዚህ በራሳቸው መንገድ አድገዋል። የሚገርመው መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የለም። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ ክርህ ይቆረጣል ብለህ ሽቦ አታስር። ላስቲክህም ቶሎ አይቦጫጨቅም።

ባስ የሚያጠምዱ ሰዎች የመንጠቆውን ጫፍ ትሉ ውስጥ ይደብቁታል። ዓሣው ሲጎርስ መንጠቆው መጀመሪያ ላስቲኩን መብሳት አለበት፣ ከዚያ ጠንካራውን አፍ። ለዚህ ነው ወገበ ጠንካራ ዘንግ የሚመርጡት። እኛ ገላጣ ውሃ ላይ እርሳስ ራስ፣ ማለትም እርሳስ የተጣበቀበት መንጠቆ፣ ጫፉን ሳንደብቅ ከተጠቀምን ያ ሁሉ ጉልበት አያስፈልገንም። በዘንጉ ጉልበት ከነሱ ምክር አንድ ደረጃ ዝቅ በል።

ጥያቄ፦ ብላንኩ ላይ ሚዲየም፣ ፋስት ምናምን ተብሎ ተጽፏል። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሚዲየም፣ ሄቪ የሚባለው ጉልበቱ ነው፤ ዘንጉን ለማጉበጥ ስንት ኪሎ ይፈልጋል የሚለው። ፋስት የሚባለው ደግሞ የት ጋ ይጎብጣል የሚለው ነው። ፋስት ከሆነ ጫፉ አካባቢ ይታጠፋል፣ ታችኛው ቀጥ ይላል። ሞደሬት ከሆነ እስከ ወገቡ ይጎብጣል።

ለላስቲክ ትል ፋስት ይሻላል። ትሉ ሲወርድ ዓሣው የሚነካው እንደ ትንሽ ትክታ ነው። አንዳንዴ ክሩ ዝም ብሎ ይላላል፣ በቃ። የሚለመጠጥ ዘንግ ይሄን ይውጥብሻል።

ከጽሑፉ ሁሉ በላይ የምመለከተው ዘንጉ የሚወረውረውን ክብደት ቁጥር ነው። አንድ አውንስ 28 ግራም ገደማ ነው። 1/8 እስከ 3/8 የሚል ከ3.5 እስከ 10.5 ግራም ይወረውራል። 1/4 እስከ 5/8 የሚል ከ7 እስከ 18 ግራም። የላስቲኩንም ክብደት መደመር አትርሺ። ዘንግ የሚመረጠው በምትወረውሪው ክብደት ነው፣ በምትመኚው ዓሣ አይደለም። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

ጥያቄ፦ ጽሑፍ የሌለው ብላንክ እጄ ገብቷል። ጉልበቱን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያዝ። የብላንኩን ወፍራም ጫፍ ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ በደንብ እሰረው። ቀጭኑ ጫፍ ላይ በክር ጠርሙሱን አንጠልጥል። ጫፉ የዘንጉን ርዝመት አንድ ሦስተኛ እስኪወርድ ውሃ ጨምር። 2.1 ሜትር ለሆነ ዘንግ 70 ሴንቲሜትር ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ነው፤ የገባውን ለክተህ መዝግብ። ካልበቃ ተለቅ ያለ ጠርሙስ። ከዚያ የምታውቀውን የጓደኛህን ዘንግ በዚያው መንገድ ለካና አወዳድር። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ ንጽጽሩ ነው ቁም ነገሩ።

ጎን ለጎን ከየት ጋ እንደጎበጠ በስልክህ ፎቶ አንሳ። አጎባበጡንም በዚያው አወቅክ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ካርቦኑ ውድ የሆነው ይሻላል?

መልስ፦ ይቀላል፣ ይገትራል፣ ንክኪም ያሰማል። ግን ግጭት አይወድም። እርሳሱ ሲወዛወዝ አንዴ ከነካው የማይታይ ስንጥቅ ይይዝና ሌላ ቀን ዓሣ ሲጎትት ቀጭ ይላል። እኔ የመጀመሪያውን የሰበርኩት ግን በዓሣ አይደለም፣ ባጃጅ ውስጥ ነው። ጫፉ ውጭ መሆኑን ረስቼ በሩን ሳብኩት። ከዚያ ወዲህ ለሁለት የሚነቀል ነው የምሠራው። ባለሙያዎች አንድ ወጥ ይሻላል ይላሉ። ባጃጅ አይሳፈሩማ።

ጥያቄ፦ አንድ ብቻ መግዛት የምችል ሰው ምን ይግዛ?

መልስ፦ 7 ጫማ፣ ሚዲየም፣ ፋስት፣ 1/4 እስከ 5/8 አውንስ። ከድንጋያማው ዳርም ከታንኳም ይሆናል። ደንገልና እምቦጭ ውስጥ የምትወረውሩ ግን ሚዲየም ሄቪ ያዙ። እዚያ መንጠቆው ላስቲኩ ውስጥ መደበቅ አለበት፣ ዓሣውም ሥር ውስጥ ሳይገባ መጎተት አለበት። አምባዛ ከጎረሰ ደግሞ ለምን እንዳልኩ ይገባችኋል። ቀረሶን በትል አትጠብቁ፤ ዋና ምግቡ ጥቃቅን አልጌ ነው።

ጥያቄ፦ ስፓይን ፈልጉ ይላሉ። ግዴታ ነው?

መልስ፦ ብላንኩን አቁመህ መሐሉን እየተጫንክ ስታንከባልለው አንድ ጎን ላይ ዘሎ ይቀመጣል። ስፓይን የሚሉት ያንን ነው። እኔ ብዙ አልጨነቅበትም። ቀጥ ያለውን ጎን አይቼ ቀለበቱን እዚያ አስራለሁ። ለ7 ጫማ 8 ቀለበትና የጫፉ ይበቃል። ጫፉ አካባቢ ትንንሽና ቀላል ይሁኑ፤ ከባድ ከሆኑ ፋስት ያልከው ዘንግ ይንቀረፈፋል።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ጉማራና ርብ አፍ ላይ ዓሣ ይታጎራል። ዘንጋችንን እዚያ ብንሞክርስ?

መልስ፦ አይሆንም። የሚታጎረው ለእንቁላል ነው። ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ነጭ ዓሣን ምን እንዳደረገው አይተናል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሐይቁ ውስጥ ሞክሩ።

ጥያቄ፦ ትሎቼ ሳጥን ውስጥ ቀልጠው ተጣበቁ። ተበላሽተው ነው የተሸጡልኝ?

መልስ፦ የላስቲኩ ማለስለሻ ነው ደረቁን ሳጥን የበላው። በመጡበት ከረጢት ተዋቸው፣ የተለያየ ዓይነት አትቀላቅል፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጥ። ሳጥኑን ለእርሳስ አድርገው።