የፖሊስን መረጃ ልተወው ወይ ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ገና ስድስት ወርሽ ነው። ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥተሽ ከሳሪስ ወደ ሲኤምሲ ትነጃለሽ። የአዲስ አበባ ፖሊስ የሚያወጣቸውን የወንጀልና የትራፊክ አደጋ መረጃዎች ስታነቢ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል፤ ባለቤትሽም «ከማስፈራራት በቀር ምን ፈየደልሽ፣ ተይው» ይልሻል። እኔ አትተዪው ባይ ነኝ። አነባበብሽን ግን ቀይሪ። ለምን እንደምል ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ነኝ፤ ሰባቱን ሚኒባስ፣ የቀረውን ሜትር ታክሲ። ሚኒባስ በምነዳበት ጊዜ የትራፊክ መረጃ የምንሰማው ከሬዲዮ ነበር። የትራፊክ ፖሊሱ የሳጅን አሰፋ መዝገቡ ድምፅ ከሬዲዮው ሲመጣ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ወሬውን ያቋርጥ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ባለፉት ሃያ አራት ሰዓታት በከተማው በደረሰ የትራፊክ አደጋ የሁለት ሰዎች ሕይወት ማለፉ ተነገረ። ተሳፋሪ እየጫንኩ ስለነበር በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ከሰዓት በኋላ ተራ ላይ ቆሜ ነው መርዶውን የሰማሁት። ከሁለቱ አንዱ ከእኔ ጋር አራት ዓመት ረዳት ሆኖ የሠራ ልጅ ነበር። የሞተው በሥራ ላይ አልነበረም። ሂሳቡን አስረክቦ፣ ለእናቱ ዳቦ ገዝቶ፣ ቀለበት መንገዱን በእግሩ እያቋረጠ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። መሻገሪያው ድልድይ ከዚያ ቦታ ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። መላ ቀኑን ቆሞ ለዋለ ሰው ሁለት መቶ እርምጃ ብዙ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ሁለት ሰዎች» ሲባል ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምልሽ ይህን ነው። የአደጋ መረጃ ስታነቢ ቁጥሩ ላይ አትቁሚ። አራት ነገር ፈልጊ፦ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ማንን ገጨ፣ እንዴት። የፖሊስ መረጃ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ «ልዩ ቦታው እንዲህ ተብሎ በሚጠራው አካባቢ» ብሎ ሰፈሩን፣ ሰዓቱንም ይጽፋል። ያንን መስመር ብዙ ሰው ዘሎ ወደ ሟቹ ይሄዳል። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል በትንሽ ደብተር ስይዘው የኖርኩት ግን እሱኑ ነው። ደብተሩ ሲሞላ ሳየው የሚደጋገመው ነገር ፊት ለፊቴ ወጣ፤ ምሽት፣ ሰፊ መንገድ፣ እግረኛ። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እኛ አሽከርካሪዎች ስንፈራ የምንፈራው የሌላ መኪና ግጭት ነው። በዚህ ከተማ ዋናው አደጋ ግን እኛ ራሳችን በእግሩ በሚሄደው ሰው ላይ የምናደርሰው ነው። ይህን ከልቤ የተቀበልኩት ከደብተሩ በኋላ ነው፤ እግሬም ነዳጁ ላይ የቀለለው ያኔ ነው።

ሌላው፣ ቁጥሩን እንደ ወለል እዪው እንጂ እንደ ጣሪያ አትዪው። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አባት መኪና ገጭቷቸው በአሥረኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። አደጋው በደረሰ ማግስት በወጣው መረጃ ላይ «ከባድ የአካል ጉዳት» ከሚለው ውስጥ ናቸው፤ የሞት ቁጥር ውስጥ የሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ለ2016 ያስመዘገበችው የመንገድ አደጋ ሟች 4,352 ሲሆን፣ ድርጅቱ ራሱ የገመተው ደግሞ 27,326 ነበር። ልዩነቱን ሳይ እኚያ አባት ትዝ ይሉኛል። ፖሊስ የሚጽፈው ቦታው ላይ ያየውንና የተነገረውን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሆስፒታል ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ተከታትሎ አይመጣለትም።

እኚያን አባት ያነሳኋቸው ለሌላም ነገር ነው። መጀመሪያ የተወሰዱበት የሕክምና ቦታ ማስያዣ ካልተከፈለ አንነካም ብሎ ልጆቻቸው ገንዘብ ሲለቅሙ ሰዓቱ ነጎደ። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው የአስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያን ጊዜ ይህን የሚያውቅ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም። አንቺ እወቂው። ሰው ወድቆ ካገኘሽ ይህን ጠቅሰሽ ተከራከሪ። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ፖሊስ 991፤ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ስትደውዪ መጀመሪያ ቦታውን ተናገሪ፤ ስምሽን ኋላ ይጠይቁሻል።

ወደ ወንጀሉ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ፍርሃት የሚበዛው፤ ጥቅሙም የሚበዛው እዚሁ ነው።

አንድ ጠዋት ከቤት ስወጣ የመኪናዬ ሁለቱም ስፖኪዮ የለም። አጥር ጥግ ነበር ያቆምኩት። ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ፤ ጓደኞቼ «ለስፖኪዮ ብለህ ግማሽ ቀን ሥራ ታጠፋለህ?» አሉኝ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ ገዝቼ ገጠምኩና ተውኩት። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ፖሊስ ከተጠርጣሪዎች ላይ የያዛቸውን የተሽከርካሪ ዕቃዎች በፎቶ አውጥቶ፣ ንብረት የጠፋባችሁ ቀርባችሁ መለየት ትችላላችሁ የሚል መረጃ ለቀቀ። ሄድኩ። ዕቃው መሬት ላይ ተደርድሯል፤ የቆምነው ሰዎች ከሠላሳ አናንስም። እኔ መስታወቱ ላይ የሰሌዳ ቁጥሬን አስቀርጬ ነበር፤ ያመለከትኩበትም መዝገብ ነበር። ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ፈርሜ አንዱን ይዤ ወጣሁ። ከጎኔ የቆመ ሰው ግን «ይሄ የኔ ነው፣ ይቺን ጭረት እኔ ነኝ ያወጣኋት» እያለ ቢምልም ምልክት የለ፣ ያመለከተበት መዝገብ የለ። ዕቃውን እያየ ባዶ እጁን ተመለሰ። ፊቱ አሁንም ይታየኛል።

ስለዚህ ከሁሉም መረጃ አጥብቀሽ የምትከታተዪው ይህን የተያዙ ንብረቶች ማስታወቂያ ይሁን። ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ጎማ፣ አንዳንዴም መኪናው እንዳለ ይወጣል። የሚያገኘው ግን ያመለከተና መለያ ያለው ሰው ነው። ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ *#06# ብለሽ የሚወጣውን 15 አኃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) ቤት ውስጥ ወረቀት ላይ ጻፊው። ስልክሽ ላይ ብቻ ካስቀመጥሽው ከስልኩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው፣ ከእያንዳንዱ የወንጀል መረጃ ውስጥ «እንዴት» የሚለውን አውጥተሽ የቀረውን ተዪው። ወንጀለኛው ዘዴውን ቶሎ አይቀይርም፤ እስኪነቃበት ይደጋግመዋል። ድሮ በየቀኑ የምናነበው በሞተር ሳይክል መጥቶ ቦርሳና ስልክ ነጥቆ ስለሚጠፋ ሰው ነበር። የከተማ አስተዳደሩ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተር ሳይክል በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክል ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። መረጃውን ይከታተል የነበረ ሰው ግን ክልከላው ከመምጣቱ በፊት ቦርሳውን ከመንገዱ በተቃራኒ ትከሻ ማንጠልጠል፣ አስፋልት ዳር ቆሞ ስልክ አለማውራት ጀምሮ ነበር።

በእኛ ሙያ ደግሞ ተሳፋሪ መስለው ገብተው አሽከርካሪ የሚገድሉና መኪና የሚወስዱ አሉ። እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ ቤተሰቦቼ ስልኬን ያጨናንቁታል። እኔ ዘዴውን ነው የማነበው። ብዙውን ጊዜ ጉዞው በመተግበሪያ ያልተመዘገበ፣ መንገድ ዳር በእጅ ምልክት የተያዘ፣ በምሽት ወደ ከተማው ዳርቻ የሚሄድ፣ መሐል ላይ «እዚህ ጋ አንድ ሰው ልጨምር» የሚባልበት ነው። ከአንድ እንዲህ ዓይነት መረጃ በኋላ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ያልተመዘገበ ጉዞ መቀበል አቆምኩ። ገቢዬ ቀንሷል። ሚስቴ ግን ተኝታ ታድራለች። አንቺ ሰው ስለማትጭኚ ይህ አይነካሽም፤ ሆኖም «ጎማሽ ተንፍሷል» ብሎ የሚያስቆምሽን፣ አንዱ ሲያናግርሽ ሌላው በዚያኛው በር ቦርሳሽን የሚያነሳውን ዘዴ እወቂ። ምሽት ላይ ማንም ጎማሽን ቢያሳይሽ በር እንደቆለፍሽ ነዳጅ ማደያ ወይም መብራትና ሰው ያለበት ቦታ ድረስ ቀስ ብለሽ ንጂ። ጎማው ቢጎዳ ይጎዳ።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። የተጠርጣሪ ፎቶ አታጋሪ። በሰፈራችን አንድ ልጅ ከሌሎች ጋር ተይዞ ፎቶው በየግሩፑ ዞረ፤ ከሥሩ የተጻፈው ስድብ ለእናቱ ሳይቀር ደረሳት። ከሳምንታት በኋላ ጉዳዩ እንደማይመለከተው ተረጋግጦ ተለቀቀ። መለቀቁን ያጋራ አንድም ሰው የለም። ልጁ ያን ሰፈር ለቆ ሄዷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠር ይደነግጋል፤ ይህ ልጅ ደግሞ ገና ተጠርጣሪ ነበር። «ተጠርጣሪ» የሚለውን ቃል ስታነቢ ቃሉን እንዳለ ያዢው። ስታጋሪም ቀኑን ተመልከቺ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ መረጃ ዛሬ እንደሆነ ተደርጎ ሲዞር ስንቴ አይቻለሁ።

የመንገድ መዘጋት ማስታወቂያ የማይዘለል ነው። መስከረም 16 ለደመራ፣ ጥር 10 እና 11 ለከተራና ለጥምቀት፣ የካቲት 23 ለዓድዋ፣ ለእሬቻ፣ ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ፣ ለታላቁ ሩጫ፤ ቀናቱ ሲደርሱ የሚዘጉት መንገዶችና አማራጮቹ አስቀድሞ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ የደመራ ዕለት ሳላነብ ወጥቼ ከሜክሲኮ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የምትሄድ ሴት ጫንኩ። ወደ ቤይሩት ለሥራ ነበር የምትሄደው፤ ለጉዞው ብድር ገብታለች። እንደ ልማዴ በለገሃር አድርጌ ወደ መስቀል አደባባይ ስጠጋ መንገዱ ተዘግቷል፤ ከኋላዬ መኪና ሞልቶ መመለሻ የለም። በቄራ ጎተራ፣ ከዚያ በወሎ ሰፈር ብሄድ በጊዜ እንደርስ ነበር፤ ያም ከዋዜማው ጀምሮ ተጽፎ ነበር። ስንደርስ መግቢያው ተዘግቶባታል። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሂሳብ አልተቀበልኳትም፤ ያ ግን ለእሷ ምን ያደርግላታል? ከዚያ ወዲህ የዋዜማውን ማስታወቂያ ሳላነብ ቁልፍ አላነሳም። የዋዜማው ሌሊት መንገድ ዳር መኪና ማቆምም አብሮ ይከለከላል፤ ይህንን የማያነቡ ሰዎች ጠዋት ተነስተው መኪናቸው ተነስቶ ያገኙታል።

አሁን ስለ አንቺ መንገድ። ከሳሪስ በቦሌ አድርጎ ወደ መገናኛ የሚወስደው ቀለበት መንገድ በዚያ ሰዓት ባዶ ይመስላል፤ እግር ይጋብዛል። ልጁ የሞተውም ባዶ በሚመስል መንገድ ላይ ነው። የመሻገሪያ ድልድይ ስታዪ ከድልድዩ በፊትና በኋላ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነትሽን ቀንሺ፤ ድልድዩ ላይ መውጣት የታከተው ሰው የሚያቋርጠው እዚያ አጠገብ ነው። መሐል አጥሩ የተሰበረበት ቦታ ካለ ሰው አለ ብለሽ ንጂ። የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ቦታዎች መብራቱ በርትቷል፤ ፍጥነትም አብሮ ጨምሯል ባይ ነኝ፤ መብራቱ አያዘናጋሽ። አውቶቡስ ወይም ሚኒባስ ቆሞ ካየሽ ከፊቱ ሰው ብቅ ይላል ብለሽ ጠብቂ። ሲኖትራክ ከኋላሽ ሲመጣ አሳልፊው፣ አትሽቀዳደሚው።

መረጃውን ደግሞ ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ አታንብቢው። እኔ ጠዋት ቡና ሲፈላ ነው የማነበው፤ ቀን ከፊቴ ስላለ ያነበብኩትን የምሠራበት ሰዓት አለኝ። ሥራ ላይ ስትሆኚ መኪናሽን የምታቆሚው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ መንገድ ዳር? ሠፈሩን ብትጽፊልኝ ሳሪስ አካባቢ የሚያድሩ ጓደኞቼን ጠይቄ ጥበቃ ያለበትን ማቆሚያ እነግርሻለሁ።