«አሥር ወፍ መጣ» ወይስ «አሥር አእዋፋት መጡ»?

ጥያቄ፦ በብርድ ወራት ወደ ግቢዬ የሚመጡትን የዱር ወፎች በመስኮት እየተመለከትኩ በደብተር እመዘግባለሁ። «ዛሬ ጠዋት አሥር ወፍ መጣ» ብዬ የጻፍኩትን ያየ ወዳጄ «አሥር አእዋፋት መጡ» ተብሎ መታረም አለበት አለኝ። ሌላ ቦታ «አንዷ ወፍ» ማለቴንም ነቀፈ። ለመሆኑ ወፍ በአማርኛ ወንድ ነው ወይስ ሴት?

መልስ፦ ጠያቂያችን የጻፉት ዓረፍተ ነገር የሰዋስው ስሕተት የለበትም። አማርኛ ስምን ሳያበዛ ብዛትን መናገር የሚችል ቋንቋ ነው። «አሥር ሰው መጣ»፣ «ብዙ ከብት ጠፋ» እንደምንለው ሁሉ፣ ብዛቱን ቁጥሩ ራሱ ስለሚናገረው ስሙም ግሡም በነጠላ ቢቆዩ ምንም አይጎድልም። «አሥር ወፎች መጡ» ማለትም እንዲሁ ትክክል ነው። የማያስኬደው ሁለቱን ማደባለቅ፣ ማለትም «አሥር ወፎች መጣ» ብሎ ስሙን አብዝቶ ግሡን በነጠላ መተው ነው።

ወዳጅዎ የመረጡት «አእዋፋት» ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። በግእዝ ነጠላው «ዖፍ»፣ ብዙው «አዕዋፍ» ነው፤ ዛሬ በዓይኑ «ዕ» ፈንታ በአልፉ «እ» መጻፉ ተለምዷል። ቃሉ አስቀድሞ የበዛ ስለሆነ «አእዋፋት» የብዙ ብዙ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ብቻ ተነሥቶ ቃሉን ማውገዝ ግን አይገባም። «ነገሥት» የ«ንጉሥ» ብዙ ሆኖ ሳለ «ነገሥታት» እንላለን፤ በግእዝ የ«ሀገር» ብዙ የነበረው «አህጉር»ም በአማርኛ እንደ ነጠላ ተወስዶ «አህጉራት» ተብሎ እንደገና በዝቷል፣ ማንም አይነቅፈውም። እኔ የማነሣው ቅሬታ ስለ ቦታው ነው፤ «አእዋፍ» ስለ ወገኑ በጥቅሉ ለሚናገር ጽሑፍ፣ ለምሳሌ «የአእዋፍ ፍልሰት» ለሚል ርእስ ይስማማል፤ መስኮት ሥር ፍሬ ለሚለቅሙ አሥር ወፎች ግን የክብር ካባ መደረብ ይመስለኛል።

ጠያቂያችን ባይጠይቁኝም፣ ከስሙ ይልቅ ያሳሰበኝ «መጣ» የሚለው ግሥ ነው። በብርድ ወራት አንዲት ትንሽ ወፍ ሌሊቱን ሙቀቷን ለመጠበቅ ያቃጠለችውን ስብ በአጭሩ ቀን መተካት ስላለባት፣ ከንጋት እስከ ምሽት ከምግቡ አትርቅም። አንዳንድ ትንንሽ ወፎች ደግሞ ባሉበት ቆመው አይመገቡም፤ አንዷ ፍሬ ታነሣና ወደ ቅርንጫፍ ትወጣለች፣ ፍሬውን በእግሯ ጣቶች ጨብጣ ቅርፊቱ እስኪከፈት በምንቃሯ ትቀጠቅጠዋለች፣ ውስጡን በልታ ወዲያው ለሌላ ፍሬ ትመለሳለች። እንግዲህ «አሥር ወፍ መጣ» የሚለውን የሚያነብ ሰው አሥር ልዩ ልዩ ወፎች ታይተው እንደሆነ ወይም ሦስቱ ብቻ እየተመላለሱ አሥር ሞልተው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ይህ ችግር በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በብሪታንያ የወፎች ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ በጃንዋሪ ወር በሚያካሂደው የግቢ ወፎች ቆጠራ፣ ተሳታፊው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያየውን ሁሉ እንዲደምር አይፈቀድለትም፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት በአንድ ጊዜ አብረው የታዩትን ከፍተኛ ቁጥር ብቻ ይጽፋል። በሰሜን አሜሪካ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል የሚዘልቀው ተመሳሳይ ምዝገባም ይህንኑ ደንብ ይከተላል። አማርኛ ለዚህ ልዩነት የተመቸ ግሥ አለው፦ «አራት ወፎች በአንድ ጊዜ ታዩ» ሲባል የተቆጠረው ወፉ ነው፤ «ወፍ ሲመላለስ አረፈደ» ሲባል ግን ያልተቆጠረ ነገር እንደተቆጠረ አይነገርም፤ ነጠላው «ወፍ» አንድም ብዙም ሊሆን ይችላልና። «ለቀመ» እና «ለቃቀመ»ም እንዲሁ ቢለዩ መልካም ነው። ከአንድ ቦታ የተሰጣትን ፍሬ የምታነሣ ወፍ ትለቅማለች፤ ቁጥቋጦ ሥር እየዘለለች ከዚህም ከዚያም የወደቀውን ብጥስጣሽ የምትሰበስበው ግን ትለቃቅማለች።

ወደ ጾታው ስንመጣ፣ «አንዷ ወፍ» መባሉ አያስነቅፍም። በአማርኛ የእንስሳት ስም ጾታ ባብዛኛው የጸና አይደለም፤ ተባዕታዩ እንደ መደበኛ ይወሰዳል፣ አንስታዩ ደግሞ ለእውነተኛዋ ሴት ብቻ ሳይሆን ለትንሽነት፣ ለፍቅርና ከመካከል ለይቶ ለማመልከትም ያገለግላል። ከላይ የፍሬዋን ቀጥቃጭ በአንስታይ ጾታ የጻፍኳት ለትንሽነቷ ነው። በምዝገባ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የቤት ድንቢጥ ወንዱ ጉሮሮው ጥቁር፣ ሴቷ ግን ወጥ የሆነ ደብዛዛ ቡናማ ስለሆነች፣ «ጉሮሮዋ የጠቆረ ድንቢጥ መጣች» የሚል ማስታወሻ ወፎችን የሚያውቅ አንባቢን ግራ ያጋባል፤ እዚያ ላይ «ወንዱ ድንቢጥ መጣ» ማለት ይገባል። በአንጻሩ በአውሮፓ ግቢዎች የታወቀው ደረተ ቀይ ትንሽ ወፍ ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም፤ በብርድ ወራት ሁለቱም የየራሳቸውን ክልል እየጠበቁ ይዘምራሉ፤ ስለዚህ መዘመሩን ሰምቶ «ወንድ ነው» ብሎ መጻፍ አይቻልም። እንዲህ ባለው ጊዜ ጠያቂያችን ከሁለቱ ጾታዎች የወደዱትን ይምረጡ፤ ብቻ በአንድ ማስታወሻ ውስጥ «መጣች» ብለው ጀምረው «በረረ» ብለው አይጨርሱ፤ አንባቢው ሁለት ወፍ ይቆጥራል።