ማን እናት ይሁን፣ ማንስ አይሁን? ስለ ጊዜላ ቦክ ጥያቄና መልስ

ስለ ናዚ ዘመን ሴቶች በተነሣ ቁጥር የጀርመናዊቷን የታሪክ ምሁር የጊዜላ ቦክን ስም ስለምጠራ፣ «እስቲ ስለ እሷ ራሷ ንገሪን» ብላችሁኛል። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ መለስኩ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጨርሶ ለማናውቃት፣ በአጭሩ ማን ናት?

በ1942 ካርልስሩኧ ተወለደች። ፍራይቡርግ፣ በርሊን፣ ፓሪስና ሮም ተማረች። በበርሊን ነፃ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረችው በ1970ዎቹ መግቢያ ነው። በ1985 ፍሎረንስ ወደሚገኘው የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት ሄደች፤ በ1989 ወደ ቢለፌልድ ዞረች፤ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ በ2007 ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እዚያው በርሊን፣ የተነሣችበት ዩኒቨርሲቲ አስተማረች።

ጥያቄ፦ ዶክትሬቷን የሠራችው በአንድ ጣሊያናዊ መነኩሴ ላይ ነው ሲባል ሰማሁ። መነኩሴና የሴቶች ታሪክ ምን አገናኛቸው?

ልክ ነው፣ መነኩሴው ቶማዞ ካምፓኔላ ነው። በስፔን አገዛዝ ላይ አሲረሃል ተብሎ ኔፕልስ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል። ላይ ላዩን ሲታይ ምንም አያገናኛቸውም። ግን ሰውዬው በ1602 እስር ቤት ሆኖ የጻፈውን «የፀሐይ ከተማ» ያነበበ ሰው ያስታውሳል፦ በዚያች በምናቡ በፈጠራት ከተማ፣ ጥሩ ዘር እንዲገኝ በሚል ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ የሚወስኑት ሹማምንት ናቸው። ቦክ ከዓመታት በኋላ ማን እንደሚወልድና ማን እንደማይወልድ በሕግ የወሰነ መንግሥት ላይ መጻፏን ሳስብ ይህ ይመጣብኛል። ሁለቱን ያገናኘሁት ግን እኔ ነኝ፤ በእሷ ስም እንዳትጠቅሱት።

ጥያቄ፦ የቤት እመቤት ደመወዝ ይከፈላት ብላ ትታገል ነበር ይባላል። እናቴ ብትሰማ ትስቅ ነበር!

እናትዎ ስቀው ሲያበቁ «ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። አዎ፣ እውነት ነው። በ1970ዎቹ ከጣሊያን ተነሥቶ በብዙ አገር በተስፋፋው ለቤት ሥራ ደመወዝ በሚጠይቀው እንቅስቃሴ ውስጥ ነበረች። በ1976 በርሊን ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የሴቶች የበጋ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሌላዋ ጀርመናዊት የታሪክ ምሁር ከባርባራ ዱደን ጋር ሆና ስለ ቤት ሥራ አመጣጥ ጥናት አቀረበች፤ ጽሑፉ በ1977 ታተመ። የሁለቱ ክርክር ይህ ነበር፦ ሚስት ብቻዋን ያለ ክፍያ፣ «ስለ ፍቅር» ብላ የምትሠራው የቤት ሥራ ከጥንት የነበረ አይደለም፤ ከካፒታሊዝም ጋር አብሮ የመጣ ነው። ወንዱ ፋብሪካ ገብቶ እንዲውል ቤት ውስጥ የሚያበስል፣ የሚያጥብና የሚያሳድግ ሰው ያስፈልግ ነበርና። ዛሬ የተለመደ አባባል ሆኗል፤ ያኔ ግን የታሪክ ክፍሎቹ ፕሮፌሰሮች እንደ ቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስሟን ያስጠራው ሥራ የቱ ነው?

በ1986 የታተመው፣ በናዚ ዘመን በግዴታ ስለ ማምከን የጻፈችው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ናዚዎች ሥልጣን በያዙ በስድስተኛው ወር፣ ሐምሌ 14 ቀን 1933፣ «በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው እንዳይወልዱ» የሚል ሕግ አወጡ። ከ1934 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። አንድ ዳኛና ሁለት ሐኪሞች የሚቀመጡባቸው ልዩ ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ። ወደ 400,000 ሰው መከነ፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ለሴት ሆድ ተከፍቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ስለነበረ፣ በዚሁ ሰበብ ከሞቱት በሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች የሚበዙት ሴቶች ሆኑ።

ከመከኑት ብዙዎቹ የተፈረደባቸው «የአእምሮ ድክመት» በሚል ነው። ምርመራው ምን መሰላችሁ? ሉተር ማን ነበር? ቢስማርክ ማን ነበር? አሜሪካን ማን አገኘ? መንደር ያደገች፣ ከብት ስትጠብቅ የኖረች ልጅ ይህን ትጠየቃለች። ቦክ መዝገቦቹን ስታገላብጥ ያየችው ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ ወንዱ የሚመዘነው ሥራ በመያዙና ባለመያዙ ነው፤ ሴቷ ግን ቤቷን በምታጸዳበት፣ ልጆቿን በምትይዝበት፣ ከማን ጋር ተኝታለች በሚለውም ጭምር።

ጥያቄ፦ ናዚዎች እኮ እናትነትን ያከብሩ ነበር፤ ብዙ ለወለደች ሜዳልያ ይሰጡ አልነበር?

ሁላችንም ስንሰማ ያደግነው ይህንን ነው፤ ቦክ የገለበጠችውም ይህንኑ ነው። ሜዳልያው እውነት ነው፤ ለአራት ልጅ ነሐስ፣ ለስድስት ብር፣ ለስምንት ወርቅ። ግን አይሁድና «ዘራቸው ጤናማ አይደለም» የተባሉ አይደርሳቸውም። እስከ 1,000 ራይሽስማርክ (የጊዜው የጀርመን ገንዘብ) የሚደርሰው የትዳር ብድርም እንዲሁ በምርመራ ነበር፤ ልጅ በተወለደ ቁጥር ሩቡ ይሰረዛል፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ግን ባል ነው። ፅንስ ማስወረድ «ለጤናማዋ» ወንጀል ሆኖ ሳለ፣ ከ1935 ጀምሮ እንድትመክን ለተፈረደባት ነፍሰ ጡር በሕግ ተፈቀደ። ስለዚህ ለቦክ የዚያ መንግሥት አዲስ ነገር ውለዱ ማለቱ አልነበረም፤ ያንንማ ሌሎችም ይሉ ነበር። አዲሱ ነገር አትውለዱ ብሎ በቢላዋ ማስፈጸሙ ነው። ዘረኝነትና የሴቶች ጉዳይ ተለያይተው ሊጻፉ አይችሉም ያለችውም ከዚህ ተነሥታ ነው።

ጥያቄ፦ ከአንዲት አሜሪካዊት ጋር የተጣላችው በምን ነበር?

ከታሪክ ምሁሯ ከክላውዲያ ኩንዝ ጋር ነው። ኩንዝ በ1987 ባወጣችው መጽሐፍ፣ የጀርመን ሴቶች ሞቅ ያለ ቤትና የራሳቸውን የሴቶች ዓለም በመያዛቸው ብቻ አገዛዙ ጸንቶ እንዲቆም ረድተዋል አለች። የናዚ ሴቶች ማኅበር መሪ የነበረችውን ጌርትሩድ ሾልትዝ ክሊንክን ራሷን አግኝታ አነጋግራለች፤ ሴትዮዋ ቅንጣት ያህል ጸጸት አልነበራትም። ቦክ መጽሐፉን ክፉኛ ተቸችው፦ እናትነትን ራሱን ወንጀለኛ አድርገሻል፣ ውሳኔውን የሰጡትንና የፈጸሙትን ትተሽ ቤቷ የተቀመጠችውን ከሰሻል የሚል ነበር መንፈሱ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ።

እኔ? በማምከኑ ጉዳይ ከቦክ ጋር ነኝ። ያን ጊዜ ግን ሚዛኗ ወደ ተጎጂዎቹ ስላጋደለ፣ ሰው የጠቆሙ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች፣ ነርሶችና የማጎሪያ ካምፕ ጠባቂ ሴቶች ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። በ1997 «ተራ ሴቶች» በሚል ስለ አድራጊዎችና ስለ ተመልካቾች ጽፋ ክፍተቱን በመጠኑ ሞልታዋለች።

ጥያቄ፦ የመከኑት ሰዎች ካሳ አገኙ?

በጣም ዘግይቶ፣ በጣም ጥቂት። ምዕራብ ጀርመን ለእያንዳንዳቸው 5,000 ማርክ አንድ ጊዜ መስጠት የጀመረችው በ1980 ነው። የእነዚያ ፍርድ ቤቶች ውሳኔ በሕግ የተሻረው ደግሞ በ1998። እስከዚያ ብዙዎቹ ሞተዋል፤ በሕይወት የነበሩትም ለጎረቤት ቀርቶ ለባል ያልነገሩ ነበሩ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ጀርመንኛ አልችልም። ከየት ልጀምር?

በ2000 ባሳተመችው የአውሮፓ ሴቶች ታሪክ ጀምሪ፤ በእንግሊዝኛም አለ። በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ፈረንሳይ ውስጥ ለሴቶች ጥብቅና ቆማ ከጻፈችው ከክሪስቲን ደ ፒዛን ዘመን «ሴት ሰው ናት ወይስ አይደለችም» ክርክር ተነሥቶ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ይዘልቃል። የማምከኑን ጉዳይ በአጭሩ ከፈለግሽ በ1983 በእንግሊዝኛ የጻፈችው ጥናት አለ፤ የትልቁን መጽሐፍ ዋና ሐሳብ እዚያ ታገኚዋለሽ። ካምፓኔላን ግን ለሌላ ጊዜ አቆዪው።