ፋብሪካ ወንዝ ዳር ሲመጣ፦ ከበሬሳ ወንዝ ዳር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደብረ ብርሃን፣ ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ ብዙ ጥያቄ መጣ። ዓመታት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ፣ ማለትም አንድ ፕሮጀክት በአካባቢው ላይ ምን እንደሚያደርስ አስቀድሞ የሚያጠና ሰነድ፣ ስመረምር ቆይቻለሁና የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከማሳችን በላይ፣ ወንዙ ጥግ ቦታ ታጥሯል። ቆዳ ፋብሪካ ነው አሉን። «የኢንቨስትመንት ፈቃድ አለው፣ አለቀ» ይሉናል። እውነት አለቀ?

መልስ፦ አላለቀም። በአዋጅ 299/1995 መሠረት፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። ፈቃድ ሰጪውም ይሁንታው መኖሩን ሳያረጋግጥ ፈቃድ መስጠት የለበትም። ስለዚህ ፈቃዱን ተዉትና የግምገማ ሰነዱን ጠይቁ። ያለ ይሁንታ የጀመረ በአዋጁ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር ይቀጣል። ይሄ ሁሌ ያበሳጨኛል፤ ለትልቅ ፋብሪካ ምንም ማለት አይደለም። ግንቡ ከቆመ በኋላ ማንም አያፈርሰውም፤ ቀድማችሁ ድረሱ።

ጥያቄ፦ ሰነዱን ቢሰጡን እንኳ ሁለት መቶ ገጽ ነው። ምኑን እናንብ?

መልስ፦ ይሄን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ የውሃ ናሙናው የተወሰደበትን ወር ፈልጉ።

አንድ ጊዜ እኔ ዘንድ የመጣ ሰነድ፣ ወንዙ ፍሳሹን በቀላሉ አቅጥኖ ይወስደዋል ይላል። ቁጥሩ ያምራል። ሠንጠረዡ ግርጌ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ቀን ሳይ ነሐሴ ነው። በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ነው የሚወርደው፤ የጣልክበትን ሁሉ ይውጣል። መጋቢት ላይ ቦታው ድረስ ሄድኩ። ድንጋይ በድንጋይ ረግጬ ጫማዬ ሳይርስ ተሻገርኩ። አንዲት እናት በዚያች ቀጭን ውሃ የገበያ ካሮት ያጥባሉ። ፋብሪካው ደግሞ ክረምት ከበጋ ያንኑ ያህል ፍሳሽ ነው የሚለቀው። ሰነዱን መለስነው፤ በበጋ ለክታችሁ ኑ አልን።

ቀጥሎ ፍሳሹ ውስጥ ምን እንዳለ እዩ። ቆዳ ፋብሪካ ፀጉሩን ለማራገፍ ኖራና ሰልፋይድ ይጠቀማል። እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ሰልፋይዱ ነው። ለማልፋት ደግሞ ክሮሚየም አለ። ቆዳው ሁሉንም አይጠጣውም፤ የተረፈው ከውሃው ጋር ይወጣል። ክሮሚየም በስብሶ አይጠፋም፣ ወንዙ ወለል ላይ ከደለሉ ጋር ይቀመጣል። የቢራና የምግብ ፋብሪካ ፍሳሽ ሌላ ነው። እሱ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ «ማጣሪያ አለን» ሲሏችሁ ምንን የሚያጣራ ነው በሉ። መብራት ሲጠፋ ፍሳሹ የት ይቆያል? ዝቃጩስ የት ይጣላል? እነዚህን ሦስቱን በግልጽ ያልመለሰ ሰነድ አልቀበልም።

ጥያቄ፦ ከወንዙ ስንት ሜትር መራቅ አለበት?

መልስ፦ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጁ፣ 197/1992፣ ሜትር አይቆጥርም። የወንዝ ዳርቻን የመከለል፣ በተከለለው ውስጥም ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን የመከልከል ሥልጣን ይሰጣል። ቁልፉ «የተከለለ» የሚለው ቃል ነው። የእናንተ ዳርቻ ተከልሎ እንደሆነ ወረዳውን ጠይቁ፤ ካልተከለለ ይከለልልን ብላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ርቀት ብቻውን ግን አያድንም። ቱቦ ሜትር አይፈራም።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ጠርተው አስፈረሙን። አሁን «ተስማምታችኋል» ይሉናል።

መልስ፦ የመገኘት ፊርማ የስምምነት ፊርማ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በሚመለከተው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ሰጥቶታል። አዋጅ 299ም ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ከእንግዲህ ቃለ ጉባኤው ተቃውሟችሁን ካልያዘ አትፈርሙ።

ጥያቄ፦ አንተ ልማት ትጠላለህ እንዴ? ልጆቻችን እኮ ሥራ ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ኧረ አልጠላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ስንት ቤተሰብ አሳድጓል! የእኔ ጥያቄ የቦታውና የማጣሪያው ነው። በሬሳ ጀማ ይገባል፣ ጀማ አባይ ይገባል። ከታች ያለውም ገበሬ ልጆች አሉት።

ጥያቄ፦ የእኛ ጋ ፋብሪካው ከቆመ ቆየ። ሌሊት ሌሊት አረፋ ይለቃል። ላሞቼ ውሃውን አሽትተው ይመለሳሉ። የት ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁን፣ 300/1995፣ አንቀጽ 11ን ያዢ። ማንኛውም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በካይን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡሽ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካሽ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። ስለዚህ ማመልከቻሽን ስታስገቢ ቀንና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ሳትይዢ አትውጪ።

በሃይላንድ ቀድተሽ ያስቀመጥሽው ውሃ ለክርክር ብዙም አይረዳሽም። ናሙናውን ባለሙያ ይውሰድ፤ ከቱቦው አፍ፣ ከቱቦው በላይና ከቱቦው በታች። አንቺ ደብተር ያዢ። ሌሊት ስንት ሰዓት ተለቀቀ፣ ቀለሙ ምን ነበር፣ ሽታውስ? የሁለት ሳምንት መዝገብ ካለሽ ባለሙያው በየትኛው ሰዓት መምጣት እንዳለበት ያውቃል። አለበለዚያ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ንጹህ ውሃ ቀድቶ ይመለሳል።